ውጤታችን የማን ነው?

ነሐሴ 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተማሪ ፋይል ጉዳይ ያስጨነቀው ሰው የነበረ አይመስለንም። ደርግ የንጉሠ ነገሥቱን ሹማምንት አንድ በአንድ እየለቀመ ነው፤ ጃንሆይ ራሳቸው ከዙፋናቸው ሊወርዱ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነው። በዚያችው ዕለት፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 21 ቀን 1974 መሆኑ ነው፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሥልጣን ከያዙ 12 ቀን የሆናቸው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ አንድ ወፍራም የትምህርት ሕግ ላይ ፈረሙ። በወፍራሙ ሕግ ሆድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ማሻሻያ ተሸጉጣለች። አቅራቢዋ ጄምስ በክሊ የሚባሉ የኒው ዮርክ ሴናተር ናቸው።

ማሻሻያዋ ስትጨመቅ ሁለት ነገር ትላለች። አንደኛ፣ ትምህርት ቤት ስለ ልጃችሁ የጻፈውን የማየት፣ ስህተት ካለውም እንዲታረም የመጠየቅ መብት አላችሁ። ሁለተኛ፣ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ትምህርት ቤቱ ያንን መዝገብ ለሌላ ሰው አያሳይም። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ፌርፓ» እየተባለ የሚጠራው ሕግ ይኸው ነው።

«ታዲያ የአሜሪካ ሴናተር ማሻሻያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ይታገሰን። ወደ ሰፈራችን እንመለሳለን። (በነገራችን ላይ የእኛም ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ነው፣ በ1987 ዓ.ም.። አንቀጽ 26 ደግሞ ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚናገር ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።)

መዝገቡ መጀመሪያ ምንም ክፋት አልነበረበትም። በ1830ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆራስ ማን የተባሉት የትምህርት አባት መምህራን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ በደብተር እንዲይዙ አደረጉ። ስም መጥሪያ ነው፤ የእኛ ሮስተር ማለት ነው። ችግሩ የመጣው ደብተሩ እየሰባ ሲሄድ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከውጤቱ ጎን የልጁን ጤና፣ የአእምሮ ምዘና ነጥብ፣ የባሕርይ መግለጫ፣ የቤተሰብ ሁኔታ መጻፍ ጀመሩ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ «ልጁን ሙሉ ሰው አድርገን እንየው» የሚል ነው። ነገር ግን ሙሉ ሰው በካርቶን ፋይል ውስጥ አይገባም። የሚገባው መምህሩ በተናደደበት ቀን የጻፈው አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ደግሞ ከክፍል ወደ ክፍል ከልጁ ጋር ይዛወራል። ልጁ ሲለወጥ መስመሩ አይለወጥም።

ከሁሉ የሚገርመው ማን ያየው እንደነበር ነው። ፖሊስ ሲመጣ ይከፈትለታል። የመንግሥት መርማሪ ሲመጣ ይከፈትለታል። ሠራተኛ መቅጠር የሚፈልግ ድርጅት ሲጠይቅ በብዙ ቦታ ይነገረዋል። ወላጅ ሲመጣ «ምስጢር ነው» ይባላል።

በዚህ ነገር ከተማረሩት አንዱ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ናሶ በሚባለው አውራጃ የሚኖር አባት ነበር። ትምህርት ቤቱ «ልጅህ የሥነ ልቦና ሕክምና ያስፈልገዋል» አለው። አባት ነውና «በምን ምክንያት? የጻፋችሁትን አሳዩኝ» አለ። አናሳይም አሉት። እሱም ከሰሰ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ወላጅ የልጁን መዝገብ የማየት መብት አለው ሲል ፈረደለት። አንድ ሰው፣ አንድ ልጅ፣ አንድ አውራጃ። ፍርዱ ለአገሩ ሁሉ ሕግ አልሆነም፤ ነገር ግን «ምስጢር ነው» የሚለው መልስ መልስ እንዳልሆነ በጽሑፍ ያሰፈረ የመጀመሪያው ዳኛ ሳይሆን አይቀርም እንላለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የበሰለው። በ1970 ራስል ሴጅ የተባለ የምርምር ተቋም ትምህርት ቤቶች መዝገብ እንዴት መያዝ እንዳለባቸው የሚያትት መመሪያ አሳተመ፤ ብዙ ሰው አላነበበውም። ብዙ ሰው ያነበበው ዳያን ዲቮኪ የምትባል የትምህርት ጉዳይ ጋዜጠኛ በ1974 ጸደይ ላይ «ፓሬድ» በተባለው መጽሔት የጻፈችውን ነው። «ፓሬድ» ያኔ ከእሑድ ጋዜጦች ጋር ተጣጥፎ በየቤቱ የሚገባ መጽሔት ነበር፤ ቁርስ ላይ የሚነበብ። ዲቮኪ ምስጢራዊ የትምህርት ቤት ፋይሎች ልጆችን እንዴት እንደሚጎዱ በምሳሌ በምሳሌ ዘረዘረች። በልጁ ፋይል ውስጥ የአባቱ የፖለቲካ ተሳትፎ ተጽፎ የተገኘበት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤተሰብ ነበረበት።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ነንና እዚህ ላይ ትንሽ እንኩራ። ይህ ሕግ ከፓርላማ ኮሚቴ አልተወለደም፤ ከእሑድ መጽሔት ጽሑፍ ነው የተወለደው። ሴናተር በክሊ ማሻሻያቸውን ሲያቀርቡ ያንን ጽሑፍ ይዘው ነው።

ሰውየው ራሳቸው ሊጠቀሱ የሚገባቸው ናቸው። ስለ ዜጋ መብት የሚታገል ሰው ሲባል በአእምሯችሁ የሚመጣው ዓይነት አይደሉም። በ1970 በወግ አጥባቂው ፓርቲ ትኬት የተመረጡ፣ መንግሥት እጁን ከቤተሰብ ላይ ያንሳ የሚሉ ወግ አጥባቂ ናቸው። የሳቸው ቁጣ የመጣው ከዚያ ነው፦ ትምህርት ቤት የወላጅን ቦታ ለምን ይወስዳል? ከግራ በኩል ያሉት ደግሞ ፖሊስና መርማሪ በተማሪ ፋይል ለምን ይገባል ብለው ተቆጥተዋል። ሁለቱ ቁጣዎች አንድ በር ላይ ተገናኙ። ዘመኑም ረዳቸው። የዋተርጌት ዘመን ነው፤ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች የአንድን ተቃዋሚ ምስጢር ፍለጋ የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ቢሮ ሰብረው ፋይል እንደበረበሩ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። «ፋይል» የሚለው ቃል ራሱ ይሸታል። በክሊ ከኒክሰን ወገን ሆነው ሳለ በመጋቢት ወር ላይ «ሥልጣንዎን ይልቀቁ» ያሉ ሰው ናቸው። በ2023፣ በመቶ ዓመታቸው ነው ያረፉት።

የችኮላ ሕግ ግን የችኮላ ጣጣ አለው። ማሻሻያዋ በኮሚቴ አልተመከረባትም፤ ምስክር አልተሰማባትም። ሕጉ ኅዳር ላይ ሥራ ሲጀምር ዩኒቨርሲቲዎች ደነገጡ። ምክንያቱም በየተማሪው ፋይል ውስጥ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ፕሮፌሰሩ ተማሪው አያየውም ብሎ «ጎበዝ ነው ግን ሰነፍ ነው» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ነዋ! የወላጆች የገንዘብ መግለጫም አለ፤ ልጅ የአባቱን ደሞዝ ሊያይ ነው። በክሊና ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ተቀምጠው ማስተካከያ ጻፉ፤ ፎርድም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 31 ፈረሙበት። ከ1975 በፊት በምስጢር የተጻፉ ደብዳቤዎች ተዘግተው እንዲቀሩ፣ የወላጅ ገንዘብ መግለጫም ለተማሪው እንዳይታይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለሚጻፉት ደግሞ ተማሪው ከፈለገ መብቱን በፊርማው መተው ይችላል ተባለ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ትንሽ ጠጋ አልን። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያመለከታችሁ ወዳጆቻችን ሁሉ ያችን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። ፎርሙን ስትሞሉ መሃል ላይ «የድጋፍ ደብዳቤህን የማየት መብትህን ትተዋለህ ወይስ አትተውም?» የምትል ሳጥን ብቅ ትላለች። ብዙዎቻችን በፍጥነት «እተዋለሁ» ላይ ምልክት አድርገን አልፈናል፤ ምክንያቱም ታላላቆቻችን «ካልተውክ አስተማሪው የልቡን አልጻፈም ይባላል» ብለው መክረውናል። ያቺ ሳጥን የዚያች የዲሴምበር ማስተካከያ ልጅ ናት። ማለትም የቦሌና የመርካቶ ልጅ ስለ መዝገብ መብቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠየቀው በሰው አገር ሕግ ነው፤ ያኔም የሚጠየቀው መብቱን እንዲተው ነው።

ሕጉ ምን ይሰጣል ብሎ ለሚጠይቅ፦ መዝገቤን አሳዩኝ ያለ ሰው በ45 ቀን ውስጥ ማየት አለበት። ስህተት ነው ያለውን ቢከራከርና ቢሸነፍ እንኳ የራሱን ማስታወሻ ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ይችላል። ልብ በሉ፣ «ሲ ሰጥተውኛል፣ ቢ ይገባኝ ነበር» የሚል ሙግት እዚህ አይሠራም። «ቢ ሰጥተውኝ ሬጅስትራር ሲ ብሎ መዘገበው» የሚለው ነው የሚሠራው። የመምህሩን ፍርድ አይነካም፤ የጸሐፊውን ብዕር ነው የሚነካው። መብቱ ደግሞ ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ ከወላጅ እጅ ወጥቶ ለተማሪው ይተላለፋል።

ይህች የመጨረሻዋ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የአበሻ ቤቶች ስንት ጉድ እንዳስነሳች ዘመድ ያለው ይጠይቅ። አባት ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ እናት ሁለት ሥራ እየሠራች ልጅ ኮሌጅ ያስገባሉ። ሴሚስተሩ አለቀ። «ልጄ እንዴት ነው?» ብለው ኮሌጁ ጋ ይደውላሉ፤ «ይቅርታ፣ ያለ ልጅዎ ፈቃድ ልንነግርዎ አንችልም።» ከፋዩ እኔ፣ ወላጁ እኔ፣ ታዲያ ምስጢሩ ከማን ነው? የአበሻ ወላጅ ይህን የሚሰማው እንደ ስድብ ነው። እውነቱን ለመናገር ሕጉ በሩን ጥርቅም አድርጎ አልዘጋም፤ ልጁ በወላጁ የግብር ወረቀት ላይ ጥገኛ ተብሎ ከተመዘገበ ኮሌጁ ለወላጅ መናገር ይፈቀድለታል። ይፈቀድለታል እንጂ አይገደድም። ስለዚህ ብዙዎቹ «አንችልም» የምትለዋን ቀላል መልስ ይመርጣሉ። እኛ በዚህ ነገር ከልጁ ጋር ነን፤ ግን እናቲቱ ስልኩን ስትዘጋ ያለውን ዝምታ አናቃልለውም።

«አንችልም» የምትለዋ መልስ ሌላም ጥቅም አላት፤ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደር። ሳውዝዌስት ሚዙሪ ስቴት በተባለ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረች ልጅ በግቢው ውስጥ ስለተፈጸሙ ወንጀሎች የግቢ ፖሊስን ዘገባ ጠየቀች። ዩኒቨርሲቲው «የተማሪ ምስጢር ነው፣ ፌርፓ አይፈቅድም» አላት። ከሰሰች፤ በ1991 አሸነፈች፤ በተከታዩ ዓመት ኮንግረሱ የግቢ ፖሊስ ዘገባ የትምህርት መዝገብ አይደለም ብሎ ሕጉን አሻሻለ። ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ይህ ታሪክ እንደ ማንቂያ ደወል ነው። ተማሪን ለመጠበቅ የተሠራ መጋረጃ ኃላፊን ለመደበቅም ይበቃል።

ከዚያ 2002 መጣ፤ የፌርፓ ክፉ ዓመት። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ ስለ ሕጉ ተናገረ።

የመጀመሪያው ለኛ ሰው በጣም የሚቀርብ ነው። ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ኦዋሶ በምትባል ከተማ መምህራን ፈተና ሲያርሙ ተማሪዎቹን ወረቀት ያለዋውጧቸዋል። አስተማሪው መልሱን ይናገራል፣ ልጁ የጎረቤቱን ያርማል፣ በመጨረሻ «ስንት አገኘ?» ሲባል ጮክ ብሎ ይናገራል። አወቃችሁት አይደል? ስንቶቻችን ነን «ተለዋወጡ!» ሲባል ልባችን ስንጥቅ ያለው! አንዲት እናት ይህ የልጆቼን ምስጢር ማውጣት ነው ብላ ከሰሰች። የይግባኙ ፍርድ ቤት እውነትሽን ነው አላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ ሻረው። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ የጻፉት ምክንያት ይህ ነው፦ ሕጉ የሚጠብቀው ተቋሙ የሚያስቀምጠውን መዝገብ ነው፤ በጎረቤት ልጅ እጅ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያለ ወረቀት ገና መዝገብ አልሆነም። በሕግ ቋንቋ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከ40 «2» አግኝቶ በጎረቤቱ አፍ ለታወጀበት ልጅ ግን ልዩነቱ አይገባውም።

ሁለተኛው የከበደ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ባለው ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን የሚማር አንድ ተማሪ ነበር። የመምህርነት ምስክር ወረቀት የምታዘጋጀው ሠራተኛ ሁለት ተማሪዎች ስለሱ ሲያወሩ ሰማች፤ ወሬው የወሲብ ጥፋት ፈጽሟል የሚል ነው። በስሙ ጠርታ ለግዛቱ ባለሥልጣን ነገረች። ልጁ ይህን ያወቀው በ1994፣ ዩኒቨርሲቲው ለመምህርነት የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ አልሰጥህም ባለው ጊዜ ነው። ሕጉ ተጥሷል ብሎ ከሰሰ። ሌሎችም ክሶች ነበሩበትና የሕዝብ ዳኞች በጠቅላላው 1,155,000 ዶላር ፈረዱለት፤ ከዚህ ውስጥ 450,000ው በፌርፓ ምክንያት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ 2 ያንን የፌርፓ ክፍል ሰረዘው። ምክንያቱ፦ ፌርፓ ለትምህርት ሚኒስቴሩ «ሕጉን ለጣሰ ተቋም ገንዘብ አትስጥ» ይላል እንጂ ለግለሰቡ የመክሰስ መብት አይሰጥም።

ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መብቱ አለህ፤ ሲጣስብህ ግን ለመንግሥት አቤት ትላለህ እንጂ ፍርድ ቤት አትሄድም። መንግሥትስ? ሕጉ ከወጣ 50 ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ትምህርት ቤት በፌርፓ ምክንያት ገንዘብ ተከልክሎ አያውቅም። ቅጣቱ በጣም ትልቅ ስለሆነ ማንም አያነሳውም፤ ዝንብ ለመግደል መድፍ ማን ይተኩሳል? ይህም ሆኖ ሕጉ ሠርቷል፤ መድፉን ፈርተው ሬጅስትራሮች ልማዳቸውን ቀይረዋል። ድሮ በአሜሪካ ግቢዎችም ውጤት በመምህሩ በር ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ያውም በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር። ያ ቀርቷል። የታረሙ ወረቀቶችን ከበር ውጭ ከምሮ «እየፈለጋችሁ ውሰዱ» ማለትም አይፈቀድም።

እዚህ ላይ ነው ቃል በገባነው መሠረት ወደ ቤት የምንመለሰው።

የእኛ አገር ተማሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ውጤቱ የሕዝብ ነው። ሪፖርት ካርዱ ላይ ከማርኩ ጎን ደረጃ አለ፤ ከ60 ተማሪ 47ኛ። በወላጆች ቀን ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ስማቸው ይጠራል፣ ይጨበጨባል፤ ደስ ይላል፤ የ47ኛው እናት ግን ግቢው ውስጥ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስሙ ይወርድና አይዲ ቁጥር ይተካል። ግሬድ በአይዲ ተደርድሮ በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። «ስም የለበትማ!» ይሉናል። እስቲ አስቡት፦ አይዲ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በፊደል ተራ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንደረደረው በራሳችን ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። ከአበራ ቀጥሎ አበበ፣ ከአበበ ቀጥላ አበባ። የራሱን ቁጥር ያወቀ ሰው የጎረቤቶቹን ያውቃል። ኤፍ የተሸከመውን ለማወቅ ጣትን አንድ መስመር ወደ ታች ማውረድ ይበቃል። አሁን ደግሞ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ አይቀርም፤ አንዱ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀዋል፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላም እዚያው ይኖራል።

መፍትሔው የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ለአንድ ፈተና ብቻ የሚያገለግል የዘፈቀደ ቁጥር ሰጥቶ፣ ተራውን በፊደል ሳይሆን በዚያው ቁጥር ማድረግ ነው። ተራው በፊደል ከቀረ ቁጥሩ ቢለወጥም ጣቱ መንገዱን ያውቃል።

ሕግስ? በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲቆጣጠረው ተደርጓል። አዋጁ ለተማሪ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ለባንኩም ለሆስፒታሉም ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት እንዳለው ይናገራል፤ ያ የናሶው አባት በ1961 የጠየቀው ይህንኑ ነበር። የትኛው ዲን፣ የትኛው ዩኒት ሊደር፣ የትኛው ሆም ሩም ይህ አዋጅ በፋይል ካቢኔው ላይ እንደሚሠራ አስቦበት ይሆን? እኛ የጠየቅናቸው ሁለት ሦስት መምህራን አዋጁ «የኢንተርኔት ነገር» መስሏቸዋል።

ስም ባይጠራም ውጤት ሊነገር ይችላል የምንለው ነገር በሰሌዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. የተገለጸውን የ12ኛ ክፍል ውጤት ታስታውሳላችሁ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች» የሚል ዜና አለ። እኛም እንደ ጋዜጠኛ ዜናው መነገር አለበት ብለን እናምናለን፤ ሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ምን ላይ እንዳሉ ማወቅ አለበት። ግን ሒሳቡን ሥሩት። የአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት 38 ተማሪ አስፈትኖ ዜሮ አሳለፈ ከተባለና የትምህርት ቤቱ ስም ከተጠራ፣ ለዚያ ወረዳ ሰው የ38ቱም ልጆች ውጤት በሬዲዮ ተነግሯል። ለዚህ ነው በአሜሪካ ትምህርት ቢሮዎች የትምህርት ቤት አሃዝ ሲያወጡ ቁጥሩ በጣም ካነሰ ወይም ሁሉንም የሚያጋልጥ ከሆነ ሳጥኑን በኮከብ የሚሸፍኑት። እኛ ጋ ኮከቡን ማን፣ የት ላይ ያድርግ የሚለው ገና ውይይት እንኳ አልተጀመረበትም፤ የሚቀጥለው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ቢጀመር ደስ ይለናል።